ዮርክን በአንድ ቀን በእግር እንዴት ማየት ይቻላል

ዮርክ በሰሜን እንግሊዝ ያለች የካቴድራል ከተማ ናት። ከለንደን በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከሊድስ ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከባቡር እንደወረድኩ ሰው ወደሚጎርፍበት ጎረፍኩ። ቅዳሜ ነበር፣ እኩለ ቀን። ያየሁት የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ካቴድራሉ ውስጥም ገባሁ፣ አንጋጥጬ ዞር ዞር አልኩ፣ ወጣሁ። ማታ ቤት ገብቼ «ምን አየህ?» ስባል «ትልቅ ነው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ ብቻዬንም፣ ከእንግዳም ጋር። እና አንድ ነገር ገባኝ። ዮርክ ስትታይ ቅደም ተከተል ትፈልጋለች። ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የምትታየው፤ ከከተማው ቅጥር ተነስቶ ቀስ እያሉ ወደ ካቴድራሉ። ካቴድራሉን መጀመሪያ ያየ ሰው ለሌላው ዓይኑ ይደክማል። እኔ አሁን ሰው ይዤ ስሄድ የምከተለውን መንገድ እነሆ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ከመሄዳችሁ በፊት

ቀኑን ምረጡ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት ቀናት ይሻላሉ። ቅዳሜ ከተማዋ ትጨናነቃለች። በኦገስት የፈረስ እሽቅድምድም ያለበት ሳምንትና ከፈረንጆቹ ገና በፊት ያለው የገበያ ሰሞን ደግሞ ጭራሽ መራመጃ የለም። እሑድ ጠዋት ካቴድራሉ ለጸሎት እንጂ ለጎብኚ ክፍት አይደለም። ስለዚህ እሑድ ብቻ የሚመቻችሁ ከሆነ የጠዋቱን ሰዓት ለቅጥሩና ለመንደሩ አድርጉት።

የባቡር ትኬት በዕለቱ ጣቢያ ላይ መግዛት ኪስ ይጎዳል። ሳምንታት ሲቀሩት ኦንላይን ግዙ። የመልሱን ባቡር ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ጫማ ላይ አትቀልዱ። መንገዱ ብዙ ቦታ ኮብልስቶን ነው፣ ሲዘንብ ያንሸራትታል። ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም። ጃንጥላ ከምትይዙ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ይሻላል፤ ቅጥሩ ላይ ነፋስ አለ፣ ጃንጥላ ይገለብጣል። ካላችሁ አንድ ትንሽ የሩቅ ማያ መነጽር፣ ባይኖክላር የሚሉትን፣ ያዙ። ካቴድራሉ ውስጥ ያለውን መስታወት ለማየት ከሱ የበለጠ የሚጠቅም ዕቃ የለም። ከሌላችሁ የስልካችሁ ካሜራ ዙም ይሠራል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ስሞች። ቫይኪንጎች በ866 ዮርክን ይዘው ነበር። በቋንቋቸው መንገድ «ጋታ» ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ በ«ጌት» የሚያልቅ ስም ስታዩ በር አትፈልጉ፤ መንገድ ማለት ነው። የከተማው በር ደግሞ «ባር» ይባላል። መንክ ባር ብሎ መጠጥ ቤት የሚፈልግ እንግዳ አይጠፋም።

አንደኛ፦ ከጣቢያው ቀጥታ ወደ ቅጥሩ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የቅጥሩ በሮች ይከፈታሉ፤ ሲመሽ ይዘጋሉ። መግቢያ አይከፈልበትም። ከቻላችሁ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ዮርክ ድረሱ።

ከጣቢያው ሳትወጡ ግን ወደ ላይ እዩ። ጣቢያው በ1877 ነው የተከፈተው። ጣሪያው ከሐዲዱ ጋር አብሮ ይታጠፋል፤ የብረትና የመስታወት ቀስት በቀስት ላይ ተደርድሮ እስከ ጥግ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ይሮጣል። እናንተ ሁለት ደቂቃ ቁሙ።

ስትወጡ ቅጥሩ ፊት ለፊታችሁ ነው። በሣር የተሸፈነ ጉብታ ላይ የተቀመጠ ነጣ ያለ የድንጋይ አጥር። በማርችና በኤፕሪል ጉብታው በሙሉ ቢጫ አበባ ይለብሳል። በአጥሩ ጥግ ጥግ ወደ ሌንዳል ድልድይ ተራመዱ። ድልድዩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ወደ ቅጥሩ የሚያስወጣ ደረጃ አለ። ውጡና ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ፣ ወደ ጣቢያው አቅጣጫ፣ ሂዱ። ከዚያ ዙሩ።

ካቴድራሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት ያለባችሁ ከዚህ ነው። ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ሦስት ማማዎች ቆመዋል። ከሩቅ ሲታይ ከተማዋ በሙሉ በሱ ሥር የተጠለለች ትመስላለች። ጠዋት ፀሐይ ካለ ድንጋዩ የወተት መልክ አለው።

ሙሉው ቅጥር 3.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእንግሊዝ አገር ከመካከለኛው ዘመን ከተረፉት የከተማ ቅጥሮች ረጅሙ ነው። ሁሉንም መዞር ይቻላል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለአንድ ቀን ግን አይመከርም። ቁንጮውን ክፍል ብቻ እናያለን፤ እሱ ደግሞ ቀጥሎ ነው። ልጅ የያዘ ሰው ልብ ይበል፤ በውስጥ በኩል መደገፊያ የሌለበት ቦታ አለ። እጃቸውን ያዙ።

ሁለተኛ፦ ወንዙን ተሻግሮ ወደ አትክልት ስፍራው

ሌንዳል ድልድይ በ1863 የተሠራ የብረት ድልድይ ነው። ሥሩ የሚያልፈው ኡዝ ወንዝ ነው። በሁለቱም ዳር አንዳንድ የድንጋይ ማማ ታያላችሁ። በድሮ ጊዜ በሁለቱ መሃል ሰንሰለት ይዘረጋ ነበር። ጀልባ ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም ነበር። ኬላ በሉት።

ድልድዩን እንደተሻገራችሁ በስተግራ የሙዚየም አትክልት ስፍራ አለ። መግቢያው ነፃ ነው። እዚህ ሁለት ነገር ፈልጉ።

አንዱ ባለ ብዙ ማዕዘኑ ማማ ነው። ሮማውያን ይህችን ከተማ በ71 ዓ.ም ጦር ሰፈር አድርገው ሲቆረቁሯት ኢቦራኩም አሏት። ማማው የዚያ ሰፈር አንዱ ጥግ ነበር። ወደ ግድግዳው ቅረቡ፣ በጣም ቅረቡ። የታችኛው ክፍል በትንንሽ፣ እኩል በተጠረቡ ድንጋዮች ነው የተሠራው። መሃሉ ላይ ቀይ የሸክላ መስመር እንደ መቀነት ዞሮታል። እሱ የሮማውያን ነው። ከዚያ በላይ ድንጋዩ በድንገት ይተልቃል፤ እሱ ከሺህ ዓመት በኋላ የመጡት ሰዎች የጨመሩት ነው። ሁለቱ የሚገናኙበትን መስመር በጣት ማሳየት ይቻላል። ይህን አንዴ ካያችሁ ቀኑን ሙሉ ትለዩታላችሁ፤ ዮርክ ውስጥ አንዱ ዘመን በሌላው ትከሻ ላይ ነው የቆመው። ማማው ውስጥ የሮማውያን የድንጋይ ሬሳ ሣጥኖችም ተቀምጠዋል።

ሌላው የቅድስት ማርያም ገዳም ፍርስራሽ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ሲያፈርስ በ1539 ተዘጋ። የቀረው አንድ ወገን ግድግዳ ነው፤ ባዶ የመስኮት ቀስቶች፣ በውስጣቸው ሰማይ። አንድ ቀን እዚያ ሣር ላይ ቁጭ ብዬ አንድ አዛውንት ሽኮኮ የሚመስሉትን የዛፍ አይጦች ኦቾሎኒ ሲያበሉ አየሁ። ሁለቱ እጃቸው ላይ ወጥተው ነበር። የዮርክ ሰው ለፍርስራሹ እንግዳ አይደለም፣ ምሳውን እዚያ ነው የሚበላው።

የትምህርት ቀን ከሆነ ደግሞ የሮማ ወታደር ልብስ የለበሰ ሰው የሚመራቸው ሕፃናት ያጋጥሟችኋል። በሁለት መስመር ተሰልፈው እየጮሁ ነው የሚሄዱት። መንገድ ልቀቁላቸው።

ሦስተኛ፦ ከቡዘም ባር እስከ መንክ ባር

ከአትክልት ስፍራው ስትወጡ ትንሽ ሄድ ብላችሁ ቡዘም ባርን ታገኛላችሁ። የሮማውያኑ ሰፈር በር የነበረበት ቦታ ነው። ደረጃውን ውጡና በቅጥሩ ላይ ቀኙን ይዛችሁ ሂዱ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ እኔ አርባ ደቂቃ እወስድበታለሁ።

የቅጥሩ ቁንጮ ያልኩት ይህ ነው። በስተቀኛችሁ የቤቶች ጓሮ አለ። ዛፎች፣ የተከረከመ ሣር፣ የተዘረጋ ልብስ ሳይቀር። ከነሱ በስተጀርባ ካቴድራሉ አብሯችሁ ይራመዳል። አንዴ በዛፍ መሃል ይደበቃል፣ አንዴ ሙሉ ጎኑን ይሰጣችኋል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ድጋፍ የሆኑትን የውጭ ቀስቶች፣ የዝናብ ውሃ የሚተፉትን የድንጋይ አውሬዎች፣ አንድ ድንጋይ ብቻ ነጥቶ የተተካበትን ቦታ ፈልጉ። ካቴድራሉ የራሱ ድንጋይ ጠራቢዎች አሉት፤ ሥራቸው አያልቅም። አንዱ ጥግ ሲታደስ ሌላው ያረጃል።

መንክ ባር ላይ ትወርዳላችሁ። ከአራቱ ትልልቅ በሮች ረጅሙ እሱ ነው። አናቱ ላይ ድንጋይ ሊወረውሩ የተዘጋጁ የድንጋይ ሰዎች አሉ። ጠላትን ለማስፈራራት ነው የቆሙት።

አራተኛ፦ ጉድራምጌት እና ሻምብልስ፣ ሰው ሳይነቃ

ከመንክ ባር ቁልቁል የሚወስደው መንገድ ጉድራምጌት ነው። በስተቀኝ የተደረደሩ ዝቅ ያሉ ነጫጭ ቤቶች ታያላችሁ፤ ሌዲ ሮው ይባላሉ። በ1316 ነው የተሠሩት። ላይኛው ፎቅ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ ተንጠልጥሏል። ዛሬም ሱቅ ናቸው። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ቤት ውስጥ ሰው ገብቶ ዕቃ ገዝቶ ይወጣል።

እነሱ አጠገብ አንዲት ጠባብ የግቢ በር አለች። ብዙ ሰው ያልፋታል። ግቡ። ውስጥ ቅድስት ሥላሴ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ወለሏ አቀበትና ቁልቁለት ነው። አግዳሚዎቹ እንደ ሣጥን በእንጨት የታጠሩ ናቸው፣ በር አላቸው። ድሮ ቤተሰብ በሙሉ ገብቶ በሩን ዘግቶ ነበር የሚቀመጠው። በሩን ስትከፍቱት ይንሲጠጣል። ከተማው ሁሉ እዚያው ውጭ እያለ እዚህ ውስጥ የራሳችሁን ትንፋሽ ትሰማላችሁ። ለኔ በዮርክ ከትልቁ ካቴድራል ቀጥሎ የምወደው ቦታ ይህ ነው። ጠዋት ዘግይታ ስለምትከፈት ከተዘጋች ከምሳ በኋላ ተመለሱ፤ አትዝለሏት።

ጉድራምጌት ሲያልቅ ሻምብልስ ይመጣል። ይህ መንገድ የሉካንዳ ሰፈር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንኳ ብዙ ሥጋ ሻጮች ነበሩበት። አሁን ከረሜላ፣ ጌጣጌጥና መታሰቢያ ዕቃ የሚሸጥበት ነው። እኩለ ቀን ላይ ሰው ሰውን ገፍቶ ነው የሚያልፈው። ገና በጠዋቱ ከደረሳችሁ ግን መንገዱ የናንተ ነው።

ሦስት ነገር እዩ። ቤቶቹ ላይኛው ፎቅ ላይ ሊነካኩ ደርሰዋል፤ ይህ ሥጋውን ከፀሐይ ይከልል ነበር። ከመስኮቶቹ ሥር ሰፋ ያሉ የእንጨት መደቦች አሉ፤ ሥጋው የሚዘረጋው እዚያ ላይ ነበር። ከመደቦቹ በላይ ደግሞ የብረት ማንጠልጠያ። ሁሉም ቤት ላይ አይደለም፣ ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። ወደ ታች ስታዩ ደግሞ የእግረኛው መንገድ በሁለቱም ጎን ከፍ ብሏል። መሃሉ ቦይ ነው። ደሙ በውሃ የሚታጠበው በሱ ነበር።

እዚሁ መንገድ ላይ ለማርጋሬት ክሊዘሮ መታሰቢያ የሆነች ትንሽ ቤት አለች። የሥጋ ሻጭ ሚስት ነበረች። የካቶሊክ ቄስ መደበቅ በሚያስገድልበት ዘመን ቄሶችን ደበቀች። ተያዘች፣ በፍርድ ቤት አልናገርም አለች። በ1586 ከባድ ድንጋይ ተጭኖባት ሞተች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1970 ቅድስት ብላታለች። ገብታችሁ ትንሽ ቁጭ በሉ፤ ማንም አያስወጣችሁም።

አምስተኛ፦ የእሌኒ ልጅ

አሁን በፒተርጌት በኩል ወደ ካቴድራሉ ውጡ። ፒተርጌት ራሱ የሮማውያኑ ሰፈር ዋና መንገድ ነበር፤ አስፋልቱ ሥር ያለው ያ ነው። ካቴድራሉ ደግሞ የጦር ሰፈሩ ዋና መምሪያ በነበረበት ላይ ነው የቆመው።

በደቡብ በር በኩል አንድ የነሐስ ሐውልት ተቀምጧል። ዙፋን ላይ ዘና ብሎ የተቀመጠ ወጣት፣ እጁ ሰይፍ ላይ። ቆስጠንጢኖስ ነው። አባቱ በ306 ዓ.ም እዚሁ ዮርክ ሲሞት ወታደሮቹ ልጁን ንጉሠ ነገሥት ብለው ያወጁት በዚህች ከተማ ነው። ሐውልቱ የቆመው በ1998 ነው።

አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ዮርክ ይዣት ሄድኩ። እስከዚያ ድረስ «ደህና ነው፣ ያምራል» እያለች ነበር የምትከተለኝ፤ እግሯ ደክሟል። ሐውልቱ ጋ ስንደርስ «ይሄ ደግሞ ማነው?» አለችኝ። «ቆስጠንጢኖስ ነው እቴቴ፣ የእሌኒ ልጅ» አልኳት። ቀጥ ብላ ቆመች። «የመስቀሏ እሌኒ?» «አዎ።» «እዚህ ነው የነገሠው?» «እዚህ ነው።» ነጠላዋን አስተካከለች። ሄዳ መዳፏን የሐውልቱ መቀመጫ ድንጋይ ላይ አሳረፈች። «ልጄ፣ ይህን ስንት ዓመት ደመራ ላይ ስሰማው» አለች። ከዚያ በኋላ እግሬ ደከመ አላለችም።

መቀመጫው ላይ የተጻፈው «ቆስጠንጢኖስ፣ በዚህ ምልክት ድል አድርግ» የሚል ነው። ሰይፉን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ተሰብሯል፣ መልኩም መስቀል ይመስላል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አንድ ረጅም የሮማውያን ዓምድ አለ። ካቴድራሉ ሥር ተቆፍሮ የወጣ ነው፤ ከዚያው ከጦር መምሪያው ትልቅ አዳራሽ።

አጠገብ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሚካኤል ትባላለች። በ1605 የእንግሊዝን ፓርላማ በባሩድ ለማጋየት ካሴሩት አንዱ የነበረው ጋይ ፎክስ በ1570 የተጠመቀው እዚያ ነው።

ስድስተኛ፦ ሚንስተር

የዮርክ ሰው ካቴድራሉን ሚንስተር ነው የሚለው። የአሁኑ ሕንፃ ግንባታ በ1220 ገደማ ተጀምሮ በ1472 ተጠናቀቀ። 250 ዓመት። የጀመረው ሰው የልጅ ልጅ ልጅ ልጁ እንኳ መጨረሻውን አላየም። መግቢያው ይከፈልበታል፣ ትኬቱን ኦንላይን መግዛት ሰልፍ ያስቀራል። ሁለት ሰዓት ስጡት። በውስጡ ደግሞ በዚህ መንገድ ዙሩ።

ከገባችሁ መጀመሪያ ሰሜን ክንፍ፦ አምስቱ እህትማማቾች የሚባሉት መስኮቶች እዚያ ናቸው። አምስት ቀጫጭን፣ ከ15 ሜትር በላይ የሚረዝሙ መስኮቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ሥዕል የላቸውም። ከ100,000 በላይ ቁራጭ መስታወት ነው፣ ግራጫና አረንጓዴ፣ በእርሳስ የተያያዘ። ቶሎ ካለፋችሁ ምንም አይታያችሁም። ዓይናችሁ እስኪለምድ ቁሙ፤ ብርሃኑ ዝናብ ውስጥ እንዳለ ሐይቅ ነው። ከ1925 ጀምሮ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ ሴቶች መታሰቢያ ሆኗል።

ቀጥሎ የጉባኤ ቤቱ፦ ስምንት ማዕዘን ያለው ሰፊ ክፍል ነው። መሃሉ ላይ ዓምድ የለም። የዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ክፍል መሃሉ ላይ ዓምድ ይተከልበት ነበር፤ እዚህ ግን ጣሪያውን ከላይ በእንጨት ነው የያዙት። አሁን ከወንበሮቹ በላይ ያሉትን የድንጋይ ፊቶች እዩ። የሚስቁ፣ ምላስ የሚያወጡ፣ የጥርስ ሕመም ያለባቸው የሚመስሉ። የሠፈር ሰው ፊት ነው። ጠራቢው ጎረቤቱን እንደቀረጸ እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ ምሥራቅ ጫፍ፦ ትልቁ የምሥራቅ መስኮት። ባይኖክላራችሁን አውጡ። የቴኒስ ሜዳ ያህል ስፋት ያለው መስታወት ነው። ጆን ቶርንተን የሚባል የኮቨንትሪ ሰው ከ1405 እስከ 1408 ባለው ጊዜ ሠራው። ውሉ ሦስት ዓመት ነበር፣ በሰዓቱ በመጨረሱ ጉርሻ ጨምሮ 56 ፓውንድ ተከፈለው። ከ2008 ጀምሮ ለማደስ ግን አሥር ዓመት ፈጀ።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ቁንጮው ላይ እግዚአብሔር አብ ተቀምጧል፤ የያዘው መጽሐፍ «አልፋና ኦሜጋ እኔ ነኝ» ይላል። ከሥሩ ያሉት ረድፎች ኦሪት ናቸው፤ ከፍጥረት ይጀምራል። ከዚያ በታች 81 ሥዕል ሙሉውን የዮሐንስ ራእይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕል እያየን ላደግን ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። መጽሐፉን ማንበብ የማይችል ሰው እንዲያነብበት ነው። አንድ ሥዕል ብቻ ምረጡ፤ ሁሉንም እንይ ካላችሁ አንዱንም አታዩም። እኔ ሁልጊዜ ባለ ሰባት ራሱን አውሬ እፈልጋለሁ፣ ሁልጊዜም እስካገኘው እቸገራለሁ።

ደቡብ ክንፍ ላይ ወደ ጣሪያው አንጋጡ። በጁላይ 9 ቀን 1984 ሌሊት ይህ ጣሪያ ተቃጠለ። መብረቅ ነው ያቃጠለው ይባላል። ክቡ የጽጌረዳ መስኮት በሙቀቱ ወደ 40,000 ቁራጭ ተሰነጠቀ። ግን አልወደቀም፤ እርሳሱ ያዘው። አዲሱ ጣሪያ ሲሠራ ከተቀረጹት ጌጦች መሃል ስድስቱን የነደፉት ሕፃናት ናቸው፣ በቴሌቪዥን ውድድር አሸንፈው። ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው አለ፣ ዓሣ ነባሪም አለ። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግድግዳ አናት ላይ።

በመጨረሻ ምድር ቤት ውረዱ። በ1960ዎቹ መጨረሻ መሃንዲሶች ትልቁ ማማ እየሰመጠ መሆኑን አዩ። መሠረቱን ለማጠናከር ሲቆፍሩ የሮማውያኑን መምሪያ አገኙ። አሁን ከኮንክሪቱ መሃል ግድግዳቸውን ታያላችሁ። ጠዋት ባለ ብዙ ማዕዘኑ ማማ ላይ ያያችሁትን ትንንሽ ድንጋይ እዚህ ስታገኙት እንደ ዘመድ ይታያችኋል።

ወደ ማማው ለመውጣት 275 ጠባብ ደረጃ አለ። የተለየ ትኬት ነው፣ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይወጣም። ጉልበት ለሚያመው፣ ልብ ለሚደክመው አልመክርም። ግድግዳው ትከሻ ይነካል፣ መሃል ላይ መመለሻ የለም።

ሰባተኛ፦ ምሳ፣ ስቶንጌት፣ ቅድስት እሌኒ አደባባይ

ምሳ ቀላል ነው። ካፌ በየቅያሱ አለ። ጾም ከሆነ «ቪጋን» በሉ፤ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ በየቦታው ይገኛል። «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ ግን አይብ ይዞላችሁ ይመጣል።

ከምሳ በኋላ ስቶንጌት። በዚህ መንገድ ደንቡ አንድ ነው፤ ሱቁን ሳይሆን ከሱቁ በላይ እዩ። መግቢያው ጥግ ላይ የጥበብ አምላክ የሚሏት ሚነርቫ መጻሕፍት ተደግፋ፣ ጉጉት ይዛ ተቀምጣለች፤ ሰፈሩ የመጽሐፍ ሻጮች ነበር። ቀጥሎ በሰንሰለት የታሰረ ቀይ ሰይጣን አለ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ቀለም የሚያቀብለውን ልጅ «የአታሚው ሰይጣን» ይሉት ነበር፤ እሱ የዚያ ምልክት ነው። ጣሪያና ግድግዳ ላይ ደግሞ የድመት ምስሎች አሉ። ልጆች ካሉ ድመት መቁጠር ስጧቸው፤ ሳይነጫነጩ ግማሽ ሰዓት ይሄዳሉ።

ስቶንጌት ሲያልቅ አደባባዩ የቅድስት እሌኒ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗም በስሟ። አክስቴ «እናትየውም እዚሁ ናት!» ብላ ነበር። እዚህ ጥግ ላይ ቤቲስ የሚባል ሻይ ቤት አለ። በ1930ዎቹ ነው እዚህ የተከፈተው። ሰልፉ ውጭ ድረስ ይወጣል። ምድር ቤቱ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን አብራሪዎች ስማቸውን በአልማዝ ጫፍ የጫሩበት መስታወት አለ። ወጣቶች ነበሩ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። ሻዩን ባትጠጡ እንኳ ለዚህ መስታወት ብላችሁ ጠይቁ።

ስምንተኛ፦ የክሊፎርድ ማማና ወንዙ

ወደ ደቡብ አሥር ደቂቃ ስትሄዱ ሣር የለበሰ ሾጣጣ ኮረብታ ላይ የክሊፎርድ ማማ አለ። ሰው ፎቶ ያነሳበታል። ኮረብታው ግርጌ ያለውን ጽሑፍ ግን ሳታነቡ አትውጡ። በማርች 1190 የዮርክ አይሁዶች፣ 150 ያህል ሰዎች፣ ሊገድላቸው ከመጣ ሕዝብ ሸሽተው እዚህ በነበረው የእንጨት ምሽግ ውስጥ ገቡ። አብዛኞቹ በአጥቂው እጅ ከመውደቅ ራሳቸውን ገደሉ፤ ምሽጉም ተቃጠለ። የቀሩት እንተርፋለን ብለው ሲወጡ ተገደሉ። አሁን ያለው የድንጋይ ማማ ከዚያ በኋላ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ የተሠራ ነው። እዚህ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

ከዚያ ወደ ወንዙ ውረዱ። ኡዝ በየክረምቱ ይሞላል። ዳሩ ላይ ያለ አንድ መጠጥ ቤት ውኃው በየዓመቱ እስከ የት እንደደረሰ በመስመር ምልክት ያደርጋል፤ አንዳንዱ መስመር ከሰው ራስ በላይ ነው። ዝይዎቹ መንገድ ላይ እንደ ባለቤት ይንጎራደዳሉ፤ ዳቦ ካዩባችሁ ይጠጋሉ። አግዳሚ ላይ ቁጭ በሉ። ከሥራ የወጣው ሰው በብስክሌት፣ ተማሪው በጀልባ ቀዘፋ፣ ሌላው ከውሻው ጋር ያልፋል። ጉልበት ከቀረላችሁና ሰዓት ካላችሁ ከጣቢያው ጀርባ ያለው የባቡር ሙዚየም በነፃ ነው፤ በ1938 በእንፋሎት ባቡር የዓለም ፍጥነት ክብረ ወሰን የሰበረው ማላርድ እዚያ ቆሟል። ካልሆነም ለሌላ ቀን ይቆያል።

ዘጠነኛ፦ ለሠርክ ጸሎት ተመለሱ

የመልሱን ባቡር ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አድርጉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በአብዛኛው የሥራ ቀናት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሚንስተር ውስጥ የሠርክ ጸሎት አለ፤ ኢቭንሶንግ ይሉታል። እሑድ ቀደም ይላል። ጠዋት ስትገቡ የዕለቱን ሰዓት ጠይቁ፤ መዘምራኑ ዕረፍት የሚወጡበት ጊዜም አለ። ይህ ጸሎት ስለሆነ ክፍያ የለውም።

20 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። በሩ ላይ «ለጸሎት ነው» በሉ። ነገሥታቱ የተቀረጹበትን የድንጋይ ግድግዳ አሳልፈው ወደ መዘምራኑ ክፍል ያስገቧችኋል። 15 ነገሥታት ናቸው፣ ከዊልያም 1ኛ እስከ ሄንሪ 6ኛ። የተቀረጹትን የእንጨት ወንበሮች እዩ፤ በ1829 አንድ ሰው ሆን ብሎ እሳት ለቆ ይህን ክፍል ካቃጠለው በኋላ እንደ አዲስ የተሠሩ ናቸው። ስልክ ይጥፋ። ፎቶ የለም። ሲነሱ ተነሱ፣ ሲቀመጡ ተቀመጡ። እምነታችሁ ሌላ ቢሆንም ማንም አይጠይቃችሁም።

መዝሙሩ ሲጀመር ዓይናችሁን ጨፍኑ። የልጆቹ ድምፅ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ነው የሚመለሰው። ጠዋት ከቅጥሩ ላይ በሩቅ ያያችሁት ድንጋይ ውስጥ ናችሁ፤ የተሠራውም ለዚህ ድምፅ ነው። አክስቴ ከእንግሊዝኛው አንድ ቃል አልሰማችም። መዝሙረ ዳዊት መሆኑን ግን አወቀች፣ ከንፈሯ በግዕዝ ይንቀሳቀስ ነበር።

12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ያልቃል። በምዕራብ በር በኩል ውጡና ከሌንዳል ድልድይ ወደ ጣቢያው ተራመዱ፤ ሩብ ሰዓት ነው። ድልድዩ መሃል ላይ አንዴ ዙሩና እዩት፣ መብራቱ በርቶ ከሆነ።